ማርሽ አልገባ ሲል
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ማርሽ አልገባ ብሎት ወደ ኋላ የሚንሸራተት መኪና ሁላችንም አይተናል። ታዲያ «ካምቢዮው አለቀ» ብለን ለጋራዥ ከመክፈላችን በፊት ሞተሩን አጥፍተን ማርሹን እንሞክር። ሞተር ሲጠፋ እየገባ፣ ሲነሳ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮን ነው፤ ዘይት ቢቀየር ፋይዳ የለውም። ጠዋት ጠጥሮ ሲሞቅ የሚላላ ከሆነ ግን ዘይቱን እንጠርጥር።

ከፊያት 124 የተቀዳችው ላዳ፣ ባለ 4 ማርሿ፣ 1.35 ሊትር ይበቃታል። ጥቂት ነድተን ዘይቱ ለብ ሲል ሜዳ ላይ አቁመን ጎማዋን በድንጋይ እንደግፍ። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት የለም! አደራ፣ የታችኛውን ታፖ ከመፍታታችን በፊት የጎኑ መሙያ መፈታቱን እንይ፤ እሱ ዝጎ እምቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ታቅፎ መቅረት ነው። አዲሱ ዘይት በጎኑ ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ሞልቷል። «ዘይት ያው ዘይት ነው» ተብሎ የዲፈረንሻሉ አይጨመር፤ የነሐስ ቀለበት ያለውን ካምቢዮ ሊበላው ይችላል። በወጣው ዘይት ውስጥ የብረት ስባሪ ካየን ደግሞ ነገሩ ከዘይት አልፏል፤ ወደ መካኒክ ነው።

አሮጌውን ዘይት በጀሪካን እንያዝ። ባለፈው ክረምት ቱቦው ሞልቶ ከነዘይቱ ግቢያችን የገባውን ጎርፍ አልረሳነውም።