የአንድ ዓመት ማስተርስ፦ ከጉዞው በፊት እንመካከር

(በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)



የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ጥቂት የሠሩ ልጆቻችን «እንግሊዝ አገር በአንድ ዓመት የቢዝነስ ማስተርስ ይገኛል፤ ልሂድ» የሚሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። አባት ያጠራቀመውን ይቆጥራል፤ እናት ወርቋን ታወጣለች፤ አጎትም ከውጭ «የአቅሜን እጨምራለሁ» ይላል። ገንዘቡ የቤተሰብ ከሆነ ምክሩም የቤተሰብ ሊሆን ይገባል። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። «ማስተርስ በማኔጅመንት» የሚባለው በአብዛኛው ገና ለተመረቀ ወጣት የተዘጋጀ ነው። ኤም.ቢ.ኤ. ግን የሥራ ልምድ ላለው ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓመት ያህል ልምድ ይጠይቃሉ። ክፍያውም በጣም ይለያያል። ስለዚህ ልጃችሁን «የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዓመቱስ እንዴት ያልፋል? በእንግሊዝ አንድ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ 180 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት የ10 ሰዓት ጥናት ተደርጎ ስለሚታሰብ ድምሩ 1,800 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለ45 ሳምንት ብናካፍለው በሳምንት 40 ሰዓት ይደርሳል። ይህ ራሱን የቻለ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ቀሪው ንባብ፣ የቡድን ሥራና የጽሑፍ ሥራ ነው። በመስከረም የተጀመረው ትምህርት ክረምቱን በመመረቂያ ጽሑፍ ይዘጋል። በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ስለሚያጥር ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በክፍል ሰዓት መካከል ይደራረባሉ። ተማሪው መስገጃ ክፍሉ የት እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይወቅ።

«እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ያሳስታል። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት የሚፈቅደው በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት ነው። የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፍበት ክረምትም አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ወቅት ይቆጠራል። ያ ገቢ ለአስቤዛ ያግዝ ይሆናል እንጂ የትምህርት ክፍያውን አይሸፍንም። ባለትዳር የሆናችሁም ልብ በሉ፤ ከጥር 2024 ጀምሮ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በክፍል ትምህርት የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ መግባት አይችልም።

ከምረቃ በኋላስ? ትልልቅ ድርጅቶች አዲስ ምሩቃንን የሚመዘግቡት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ተማሪው ሻንጣውን ሳይፈታ ማመልከት ይጀምራል ማለት ነው። የምሩቃን ቪዛ ሁለት ዓመት ያስቆይ ነበር፤ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን 18 ወር እንዲሆን ተወስኗል። ከዚያ ወዲያ ለመቆየት ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2025 በወጣው ደንብ መሠረት መደበኛው የደመወዝ ወለል በዓመት 41,700 ፓውንድ ሲሆን ለአዲስ ምሩቅ 33,400 ነው። ይህን በር የሚያልፉ አሉ፤ የቤተሰቡን ጥሪት በሙሉ በዚህ ተስፋ ላይ መጣል ግን አይገባም።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት አዳዲስ በሮች ተከፍተዋል። በ2021 ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆነው ሥራ ጀመሩ። በታኅሣሥ 2024 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ፤ በጥር 2025 ደግሞ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ ሒሳብ፣ ሕግና ሥጋት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ሆኖም ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ዲግሪው የሚጠቅመው ቀድሞ የሚታወቅ ሙያ ላይ ሲጨመር ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በአገሩ ጉዳይ ላይ የሠራ ተማሪ ለቀጣሪው የሚያሳየው ነገር ይዞ ይመለሳል።

ክፍያው ወደ ወለድ ብድር ከመግፋቱ በፊት ስኮላርሺፕ ይሞከር። ከ1983 ጀምሮ የሚሰጠው የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያ፣ የወር መተዳደሪያና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፍናል፤ ለኤም.ቢ.ኤ. ክፍያ ግን ጣሪያ አለው። ቢያንስ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተማሪውም ከምረቃ በኋላ ለሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መቆየት አለበት። ዘንድሮ ያልተሳካለት ልምዱን አዳብሮ በሚቀጥለው ዓመት ይሞክር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን አትከልክሉ፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ተመልሰህ ምን ትሠራለህ? እዚያ ሥራ ባታገኝ ይህ ገንዘብ ቤቱን ይጎዳዋል? አንድ ዓመት ሠርተህ ብትሄድ አይሻልም? መልሱ ከተገኘ አላህ መንገዱን ያግራው፤ ካልተገኘም መዘግየት ኪሳራ አይደለም።