ከቡና አተላ የሚወጣ ብርሃን

(ድምፅ፦ የሲኒ ኳኳታ)

አቅራቢ፦ ሸጎሌ ነን፣ ቡና በተፈላበት አንድ ግቢ። አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቷል፤ ጀበናው ሥር የቀረው አተላ ሊደፋ ነው። እስቲ አንድ አፍታ ቆዩልኝ!

እ.ኤ.አ. በ2012 የታይዋን ተመራማሪዎች ልክ እንዲህ ካለ አተላ የሚያበሩ የካርቦን ቅንጣቶች ሠርተው፣ የሕያዋን ሴሎችን ምስል አንስተውባቸዋል። ቅንጣቶቹ «ካርቦን ዶት» ይባላሉ። ስፋታቸው ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም፤ አንዲት የራስ ፀጉር 80 ሺህ ናኖሜትር ያህል ትወፍራለች። መጀመሪያ የተገኙትም በአጋጣሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ኬሚስቶች ጥላሸት ሲያጣሩ።

አሠራሩስ? አንደኛው መንገድ እንዲህ ነው። ሲትሪክ አሲድና ናይትሮጅን ያለበት ውህድ በውኃ ይሟሟሉ፤ ውስጡ በቴፍሎን በተለበጠ የብረት ዕቃ ውስጥ ግጥም ተደርገው ተዘግተው፣ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሰዓታት ይቆያሉ። ሲከፈት የሚታየው ቀጭን ሻይ የመሰለ ቡናማ ውኃ ነው። አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ግን ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል። እኔን ሁሌም የምታስደንቀኝ ይህቺ ቅጽበት ናት።

ሴሎች እነዚህን ቅንጣቶች ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲያበሩ ይታያሉ። ቀደም ብለው የታወቁት «ኳንተም ዶት» የሚባሉ ቅንጣቶችም ያበራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ካድሚየም አለባቸው፣ ካድሚየም ደግሞ ለሴል መርዝ ነው። የካርቦኑ ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው። አስቸጋሪው ማጣራቱ ነው፤ በአንድ ጊዜ የተሠሩት እንኳ መጠናቸው ይለያያል።

አደራ፣ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። ታሽጎ የሚሞቅ ውኃ ሊፈነዳ ይችላል።