አሮጌ ሞፔድን ለውድድር ስለ ማሰናዳት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ የሚመስል ነው። ይኸውም አርጅቶ ከመንገድ የወጣ ሞፔድ በአንድ ጠንቃቃ ባለሙያ እጅ ታድሶ በውድድር ሜዳ ላይ ለመሮጥ እንዴት እንደሚበቃ ለማስረዳት ነው። ሥራው በብዛት የሚሠራው በሆላንድ፣ በጀርመንና በኢጣሊያ ቢሆንም፣ የትኛው ሥራ ቀድሞ የትኛው መከተል እንዳለበት የሚያሳይ በመሆኑ ለማንኛውም ሠራተኛ ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የገዛ አካሉን ነው።

ሞፔድ የሚለው ስም በ1952 ዓ.ም. በስዊድን አገር «ሞተር» እና «ፔዳል» ከሚሉት ሁለት ቃላት ተቀናብሮ የወጣ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ለመግዛት አቅም ያልነበረው የአውሮፓ ሠራተኛ ወደ ፋብሪካውና ወደ ቢሮው የሚመላለሰው በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ነበር። የሞተሩ መጠን ከ50 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ለምሳሌ ያህል በኦስትሪያ አገር ይሠራ የነበረውን ፑኽ ማክሲ የተባለውን ብንወስድ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 38 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 43 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ የቡና ስኒ የሚይዘውን ያህል እንኳ አይሆንም።

ከዚህም በላይ ሞፔድ ሲሠራ ጀምሮ በሕግ የተለጐመ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሞፔድ ፍጥነት በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። ስለዚህ ፋብሪካው የካርቡራቶሩን ጉሮሮ ያጠብበዋል፤ የማርሚታውን መተላለፊያ ያንቀዋል፤ ጥርሶቹንም ለዝግታ እንዲመቹ አድርጎ ያበጃቸዋል። ሞፔድን ለውድድር ማሰናዳት ማለት እንግዲህ ይህን ልጓም መፍታት ነው። ነገር ግን ልጓም የሚፈታ ሰው አስቀድሞ ፈረሱን የሚያቆምበትን ማወቅ አለበት።

ይህ ትንሽ ሞተር የተናቀ እንዳይመስላችሁ። ከ1962 ዓ.ም. እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የ50 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር። በሽቱትጋርት አጠገብ በኮርንቬስትሃይም ከተማ የነበረው የክራይድለር ፋብሪካ፣ ፍሎሬት ከተባለችው የመንገድ መሣሪያው ተነሥቶ ለዚህ ውድድር የሚሆን አበጀ። በ1971 ዓ.ም. የሆላንዱ ተወላጅ ያን ደ ፍሪስ በክራይድለር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እርሱና የእስፓኙ አንኼል ኒየቶ በነጥብም በድልም ፍጹም እኩል ሆነው ስለ ተገኙ፣ ዳኞቹ የውድድሮቹን ሰዓት ሁሉ ደምረው አወዳደሩ፤ ኒየቶ በ21 ሰከንድ ያህል ብልጫ አሸነፈ። የአንድ ዓመት ሙሉ ድካም በ21 ሰከንድ ተወሰነ ማለት ነው። ዛሬም ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ በኋላ፣ የእነዚህ መሣሪያዎች ወዳጆች በየጋራዣቸው እያደሱ ለአሮጌዎች በተዘጋጀ ውድድር ላይ ያሰልፏቸዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ወጣት አሮጌ ሞፔድ ባገኘ ጊዜ እጁን ቶሎ የሚሰደው ወደ ሞተሩ ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። በመጀመሪያ የሚሠራው ፍሬኑ ነው። ምክንያቱም በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሄድ የነበረው በ90 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። በዚያው በአሮጌው ፍሬን ለመቆም ቢሞከር የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነው፤ በውድድር ሜዳ ላይ ያለው ኩርባ ደግሞ ያን ያህል ርቀት አይጠብቅም። ስለዚህ ታምቡሩ ይመረመራል፤ ያለቀው የፍሬን ሸራ ይለወጣል፤ የዛገው ገመድ ተጥሎ አዲስ ይገባል።

ቀጥሎ ሻሲው እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ ስንጥቅ እንዳለበት ይታያል። የጎማዎቹ ኩሽኔታዎች ይለወጣሉ፤ በቸርኬው ላይ ያሉት ሽቦዎች እኩል ይወጠራሉ። የላላ ኩሽኔታ በቀስታ ሲሄዱ የማይሰማ ነገር ነው፤ በፍጥነት ጊዜ ግን መሪውን ያንቀጠቅጣል። ከዚያም ፋኖሱ፣ ጡሩምባው፣ ፓራፋንጎው፣ የዕቃ መጫኛው፣ ፔዳሉም ጭምር ይወልቃል። በዚህ ትንሽ ሞተር ላይ አንድ ኪሎ መቀነስ በትልቅ ሞተር ላይ ብዙ ኪሎ እንደ መቀነስ ነው፤ ወጪውም ከመፍቻ አይበልጥም።

ሦስተኛው የነጂው አቀማመጥ ነው። ነፋስን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መያዣው ዝቅ ብሎ፣ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ሄዶ፣ ነጂው ደረቱን በቤንዚን ጋኑ ላይ አስተኝቶ እንዲቀመጥ ይደረጋል። በቅንነት የተሠራ አቀማመጥ በሞተሩ ላይ ብዙ ከመድከም የበለጠ ፍጥነት የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው የሞተሩ ተራ የሚደርሰው። ሞፔዶች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። አየርና ቤንዚኑ የሚገባው፣ የተቃጠለው ጢስም የሚወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። የመውጫው ቀዳዳ ጥቂት ከፍ ሲል ሞተሩ በፈጣን ሽክርክር ጊዜ የተሻለ ይተነፍሳል፤ በዝግታ ጊዜ ግን ጉልበቱ ይደክማል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሞረድ የወሰደውን ብረት የሚመልስ የለምና፣ ባለሙያው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች እየለካ ይሞርዳል።

የሁሉ ምስጢር ያለው ግን በማርሚታው ነው። በምሥራቅ ጀርመን የኤም ዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ዋልተር ካደን በ1950ዎቹ ዓመታት ይህን ጉዳይ በጥልቅ አጥንቶ ነበር። ጢሱ ከሲሊንደሩ ሲወጣ የግፊት ሞገድ አብሮት ይወጣል። ማርሚታው እንደ ጡሩምባ እየሰፋ ሲሄድ ሞገዱ ስቦ የቀረውን ጢስ ያወጣል፤ መጨረሻው ላይ ሲጠብ ደግሞ ሞገዱ ተመልሶ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በዚህ ጥበብ በ1961 ዓ.ም. የካደን 125 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። በዚያው ዓመት ነጂው ኤርንስት ዴግነር ከስዊድን ውድድር በኋላ አገሩን ጥሎ ወደ ምዕራብ ኮበለለ፤ በ1962 ዓ.ም. በጃፓኑ ሱዙኪ ላይ ሆኖ የ50 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አንድ የጢስ ቧንቧ የቱን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ሞገዱ በትክክለኛው ሰዓት የሚመለሰው ሞተሩ በተወሰነ ሽክርክር ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ጉልበቱ ይጠፋል። ሱዙኪ በ1967 ዓ.ም. ካምቢዮውን እስከ 14 ማርሽ ያደረሰው ሞተሩ ከዚያች ጠባብ ክልል እንዳይወጣ ነበር፤ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ደንቡ ከ6 ማርሽና ከአንድ ሲሊንደር እንዳይበልጥ ከለከለ። ስለዚህ አንድ ማርሽ ብቻ ያለውን ሞፔድ የሚያሰናዳ ሰው ኃይለኛ ማርሚታ ቢገጥም፣ ከኩርባ በወጣ ቁጥር ሞተሩ ይታነቅበታል። ለእርሱ የሚበጀው ለዘብ ያለ ማርሚታና ለሜዳው የተስማማ የካቴና ጥርስ ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ነጥብ ደርሰናል። የሁለት ምት ሞተር ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ለመንገድ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት የሚበቃ ሲሆን፣ ለውድድር እስከ 25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት የሚያደርጉ አሉ። ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ካነሰ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያብጣል፤ በሲሊንደሩ ውስጥም ይነክሳል። በዚያን ጊዜ የኋላ ጎማ በድንገት ይቆልፋል። የለመዱ ነጂዎች አንድ ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ የማያነሡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞተሩ እንደ ነከሰ ፍሪሲዮኑን ይዘው ጎማውን ነጻ ያወጡታል። ባለሙያው ግን አደጋውን ቀድሞ በካንዴላው ያነብበዋል። ካንዴላው ነጥቶ ከተገኘ ቤንዚኑ አንሷል፤ ጠቁሮ ከረጠበ በዝቷል፤ የቡና መልክ ከያዘ ደኅና ነው። እንግዲህ መነሻው ሁልጊዜ ከበዛ ቤንዚን ነው፤ ቀስ በቀስም ይቀነሳል።

ለዚህ ሁሉ ከመፍቻ የማያንስ አስፈላጊ መሣሪያ መዝገብ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ በሰዓት ይለካል፤ ይጻፋል። በአንድ ቀን ካርቡራቶሩንም፣ ማርሚታውንም፣ ጥርሱንም የለወጠ ሰው መሣሪያው ቢፈጥን ምን እንዳፈጠነው፣ ቢሰበርም ምን እንደ ሰበረው አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

በመጨረሻም ከውድድር በፊት ምርመራ አለ። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን እንዳይላላ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል፤ ሞተሩን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ቁልፍ ይገጠማል። ምክንያቱም በሜዳው ላይ የፈሰሰ አንድ ጭልፋ ዘይት የሚጥለው ያፈሰሰውን ሰው ሳይሆን ከኋላው የሚመጣውን ነው። እንደዚሁም ልጓሙ የተፈታ ሞፔድ ከእንግዲህ ወዲህ የመንገድ መሣሪያ አይደለም። ፋኖስ የለውም፤ ሕግም አይፈቅድለትም። ሕፃናትና ሽማግሌዎች በሚሻገሩበት ጎዳና ላይ ፍጥነቱን ሊሞክር የሚወጣ ሰው ችሎታውን ሳይሆን ግድ የለሽነቱን ያሳያል።

አድማጮቼ፤ ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ኃይል የሚጨመረው መቆጣጠሪያው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። አስቀድሞ ፍሬን፣ ቀጥሎ ሻሲ፣ ከዚያም ሞተር፤ በእያንዳንዱም ደረጃ መለካትና መጻፍ። ይህን ሥርዓት የጠበቀ ሰው ሌላው የጣለውን አሮጌ ብረት ወደ ሜዳ ያወጣዋል፤ ማታም በእግሩ ቆሞ ወደ ቤቱ ይገባል።