ሞተሩን ሰጣችሁን፤ መንዳቱንም አስተምሩን

(ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርዕስ ለስብከት የሚመች አይመስልም። ስለ ሞተር ብስክሌት እንድናገር ታዝዣለሁ፤ ይኸውም ነዳጁና ጓዙ ሲጨመር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝነው፣ ለአስፋልትም ለገጠር መንገድም ስለሚሠራው ትልቁ ሞተር ነው። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ስናነብ፣ ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ የደረሰው ሮጦ መሆኑን እናገኛለን። የምሥራቹ በመንገድ ይሄዳል። መድኃኒቱም፣ የዘር እህሉም፣ መጽሐፍ ቅዱሱም እንደዚሁ በመንገድ ይሄዳል። ስለዚህ መልእክተኛው መንገዱን ማወቅ አለበት።

ሌላውን ከማስተማሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ለምሠራበት ፕሮጀክት አንድ ትልቅ ሞተር ብስክሌት ተሰጠ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ተጸለየበት፤ እልል ተባለ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ቁልፉም ለእኔ ተሰጠ። እኔ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። የሮሜን መልእክት ማብራራት ተምሬአለሁ፤ ሞተር ግን በከተማ አስፋልት ላይ፣ ያውም ትንሹን ብቻ ነበር የነዳሁት። «ትችላለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም «አልችልም» ማለትን አፈርሁ።

አገሩ የጋሞ ደጋ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ጨንቻ የሚወጣ ሰው፣ ከ1,300 ሜትር ግድም ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያሉት የመንደር መንገዶች በእንሰትና በቀርከሃ መካከል የሚያልፉ፣ በክረምት እንደ ሳሙና የሚያንሸራትቱ ቀይ አፈር ናቸው። ሞተሩ በተሰጠኝ በሁለተኛው ሳምንት፣ የኩፍኝ ክትባት ያለበትን የበረዶ ሣጥን ከኋላ አስሬ ከአንድ ወንዝ ማዶ ወዳለ መንደር ወረድሁ። ቁልቁለቱ ሲፈጥንብኝ ደነገጥሁ፤ በአስፋልት እንደለመድሁት የፊቱን ፍሬን በሙሉ ጨበጥሁት። የፊት ጎማው ታሰረና ተንሸራተተ። ሞተሩ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ሣጥኑም ተከፍቶ ብልቃጦቹ በጭቃው ላይ ተበተኑ።

ገበሬዎች ሮጠው መጥተው ከሥሩ አወጡኝ። እግሬ አልተሰበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ክትባት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ያልተሰበሩትን ሰብስበን እያነከስሁ መንደሩ ስንደርስ በረዶው ቀልጦ ነበር። ነርሷ አየቻቸውና «እነዚህን ለሕፃን አልሰጥም» አለች። ልክ ነበረች። ልጆቻቸውን አዝለው ሌሊት ከቤታቸው የወጡ እናቶች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከእነርሱ አንዷ ቀርባ «አይዞህ ወንድሜ፣ እግርህን አመመህ ወይ?» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልጨምር። በሪፖርቱ ላይ «በመንገድ ብልሽት ምክንያት ክትባቱ አልተሰጠም» ብዬ ጻፍሁ። የተበላሸው መንገዱ አልነበረም፤ የእኔ አነዳድ ነበር። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ሪፖርቱን አስተካክዬ ጻፍሁ፤ በመጨረሻውም መስመር ላይ «መንዳት ልማር» ብዬ ለመንሁ።

አስተማሪ ሆነው የተሰጡኝ ብዙ ዓመት በሞተር የሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። በቀላል ቋንቋ ያስተማሩኝን፣ ለሌሎች ሠራተኞች ይጠቅማል ብዬ በአምስት ነጥብ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ መውደቅንና መነሣትን መማር። ጋሼ በመጀመሪያው ጠዋት በኳስ ሜዳው ላይ ሞተሩን በጎኑ አጋደሙትና «አንሣው» አሉኝ። በክንዴ ጎትቼ አቃተኝ። «ልጄ፣ በክንድ አይነሣም፤ በእግር ነው» አሉ። ሞተሩ ይጥፋ፤ ነዳጁ ይዘጋ፤ ማርሽ ውስጥ ይግባ። በቀኝ ጎኑ የወደቀ እንደ ሆነ የጎን መቆሚያው አስቀድሞ ይውጣ። ማኑብሪውን የፊት ጎማው ወደ መሬት እስኪያመለክት ድረስ ማጠፍ፤ ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ ዝቅ ማለት፤ በአንድ እጅ የማኑብሪውን ጫፍ፣ በሌላው ከኋላ ያለውን ብረት መያዝ፤ ከዚያም ወገብን ቀጥ አድርጎ በጉልበት እየገፉ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሞተሩ ተነሣ! ብቻውን መንገድ የሚሄድ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ከግቢ መውጣት የለበትም።

ሁለተኛ፣ መቆምና ወደ ፊት ማየት። ሻካራ መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው እያንዳንዱን ድንጋይ በወገቡ ይቀበላል። በእግር መርገጫው ላይ የቆመ ግን ጉልበቱን አላልቶ፣ ክርኑን ከፈት አድርጎ፣ ሞተሩ ከሥሩ እንደ ልቡ እንዲወዛወዝ ይተወዋል። ማኑብሪውን አንቆ መያዝ አያስፈልግም። ዓይን ደግሞ ከጎማው ፊት ሳይሆን ራቅ ብሎ መሄድ ወደሚፈልጉበት ስፍራ መመልከት አለበት። ድንጋዩን ትኩር ብሎ ያየ ድንጋዩን ይመታል። በምሳሌ ምዕራፍ 4 ጠቢቡ ልጁን ዓይኖችህ በቀጥታ ወደ ፊት ይዩ ብሎ ሲመክር፣ ጌታም በሉቃስ ምዕራፍ 9 ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሰው ሲናገር፣ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ኋላ እያየ ያረሰ ፈሩ ይጣመማል። ለሞተር ነጂም ሕጉ አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁልቁለት። እኔን የጣለኝ ይህ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። በጭቃ ላይ ግን የታሰረ የፊት ጎማ አይታዘዝም፤ ተንሸራትቶ ይጥላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አንደኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፍሪሲዮን አለመያዝ፣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እንዲይዝ መተው፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ማድረግ፣ የኋላውን ፍሬን በእግር በቀስታ መርገጥ ይገባል። የፊቱ ፍሬን በአንድ ወይም በሁለት ጣት ብቻ ጥቂት በጥቂት ይያዛል፤ መንሸራተት ሲጀምር ወዲያው ይለቀቃል። ጋሼ ይህን አንድ ትምህርት ከጠዋት እስከ ምሳ ደጋግመው አሠሩኝ።

አራተኛ፣ ዳገት። ማርሹ የሚመረጠው ከሥር ነው እንጂ ከመካከል አይደለም። ሰውነት ወደ ፊት ይጠጋል፤ ነዳጅ ሳይበዛ ሳያንስ ይሰጣል። ሞተሩ ከመካከል ቢጠፋ ፍሪሲዮን ይዞ ወደ ኋላ መንሸራተት አደጋ ነው። ማርሽ ውስጥ እንዳለ ፍሪሲዮኑ ቢለቀቅ የጠፋው ሞተር ራሱ የኋላውን ጎማ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ወደ ዳገቱ ወገን መውረድና ተረጋግቶ መዞር ይቻላል። ዳገት ላይ ቆሞ እንደ ገና መጀመር እንጂ፣ በእልህ መግፋት ጀግንነት አይደለም።

አምስተኛ፣ ውሃና ጭቃ። ወንዝ አስቀድሞ በእግር ይታያል፤ በዱላ ይለካል። ሞተሩን መግፋት የግድ ከሆነ ውሃው በሚመጣበት ወገን ሆኖ መግፋት ነው፤ ያለዚያ ውሃው ሞተሩን በሰውየው ላይ ይጥለዋል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ወድቆ ከጠፋ ለማስነሣት መቸኮል አይገባም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። ካንዴላውን ፈትቶ ውሃውን ማስወጣት ይቀድማል። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሲጠቀጠቅም ጎማው እምቢ ይላል፤ ወርዶ መጥረግ ነው። በለሰለሰ መሬት የጎማውን ነፋስ ጥቂት መቀነስ ይረዳል፤ እንግዲያው ወደ አስፋልት ሲመለሱ የሚነፉበት መንፊያም አብሮ መኖር አለበት። ጭነት ደግሞ ዝቅ ብሎና ወደ መካከል ተጠግቶ ይታሰር። እኔ ሣጥኑን ከኋላ ከፍ አድርጌ ማሰሬ ራሱ አንዱ ስሕተት ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያስ ዐዋቂ አይወድቅም» የሚል እንዳይኖር አንድ ሰው ላንሣ። የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 አር 80 ጂ/ኤስ የተባለውን ትልቅ ሞተር አወጣ፤ ጂ/ኤስ የተባሉት ፊደላት በጀርመንኛ «ሜዳና መንገድ» ማለት ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በ1981 በዚህ ዓይነት ሞተር የፓሪስ ዳካርን ውድድር ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሁበርት ኦሪዮል ነበር። የተወለደውም በ1952 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ1983 ደግሞ አሸነፈ። ይሁን እንጂ በ1987 ውድድሩን እየመራ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። የበረሃውን አሸዋ እንደ እርሱ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። እንግዲህ እኔ በሦስት ቀን ትምህርት ምን እመካለሁ? ቆሜአለሁ የሚል እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ የሚለው ምክር ለነጂም ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

ለእናንተ ለአጥቢያዎች፦ ለሞተር ብስክሌት መዋጮ ስታዋጡ ለብረቱ ብቻ አታዋጡ። የራስ ቁር፣ ጫማና ጓንት፣ መለዋወጫ ካላማዳሪና ካቴና፣ መንፊያ፣ የሥልጠናም ቀን በዚያው ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ሐዋርያው የመንፈስን የጦር ዕቃ ሲዘረዝር የራስ ቁርን አልረሳም፤ እኛ ግን በሥጋው እንረሳለን። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት የተመሠረተውም በአፍሪካ የጤና ሠራተኞች ሞተሮች በጥቂት ጥገና ጉድለት ቆመው ሲዝጉ በመታየታቸው ነው። ሥልጠና ፎቶግራፍ አይነሣም፤ እልልም አይባልለትም። ነገር ግን ስጦታችሁን ከጭቃ የሚያድነው እርሱ ነው።

ለኃላፊዎች፦ ሠራተኛው ቁልቁለት ሲወርድና ዳገት ሲወጣ ሳታዩ ቁልፍ አትስጡ። ቀላሉ ሞተር ለሚበቃበት መንገድም ከባዱን አትግዙ። በቅሎ የምትሻልበት መንገድ እንዳለም አትርሱ፤ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ያደረሰው በገዛ አህያው ነበር።

ለእናንተ ለባልደረቦቼ፦ «አልችልም፤ አስተምሩኝ» ማለትን አትፈሩ። እኔ ያን ጠዋት አንዲት ቃል ባለመናገሬ ዋጋውን የከፈሉት የሰው ልጆች ናቸው። የሚቀጥለው የክትባት ቀን ከአንድ ወር በኋላ ነበር። በዚያ ወር ውስጥ ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ በኩፍኝ ቢታመም ኖሮ ለእናቱ ምን እመልስላት ነበር? እግዚአብሔር በምሕረቱ ጠበቃቸው።

ወሩ ደርሶ ወደዚያው ቁልቁለት ተመለስሁ። ከላይ ሞተሩን አቁሜ በእግሬ ወርጄ መንገዱን አየሁ፤ ተመልሼ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ዓይኔን ወንዙ ማዶ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወረድሁ። ሣጥኑ ሳይከፈት ደረሰ። «አይዞህ» ያለችኝ እናት ከሰልፉ ውስጥ ነበረች። ልጇ ሲወጋ አምርሮ አለቀሰ፤ እርሷም ሳቀች፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ሞተሩ መልሼ ዓይኔን ጠረግሁ።

የሚሄዱትን እግዚአብሔር በመንገዳቸው ይጠብቅ፤ የሚልኩትንም ይባርክ። አሜን።