ጣራችን መቼ ይለወጥ?



በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የቤት ባለቤት የሆንን ብዙዎች ነን። በአገራችን የለመድነው ቆርቆሮ ሲበሳ ወዲያው ያንጠባጥባል። የዚህ አገር የአስፋልት ሺንግል ግን ውስጥ ውስጡን ያረጃል፤ ኮርኒሱ ላይ እድፍ ሲታይ እንጨቱ ቀድሞ ርሷል።

ዕድሜው እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው። የፌብሩዋሪ 2010ን ከባድ በረዶና የጁን 29 ቀን 2012ን ማዕበል የቻለ ጣራ ሁሉ ዛሬ መታየት ይገባዋል። ጥቂት ሺንግል ነፋስ ከገነጠለው ይጠገናል። ጠርዙ በየቦታው ከተጠቀለለ፣ ጠጠሩ ረግፎ አሸንዳው ውስጥ ከተከማቸ፣ ከጣራው ሥር ሆነን የቀን ብርሃን ካየን ግን መለወጡ ይሻላል። ኢንሹራንስ ማዕበል ላደረሰው ጉዳት ሊከፍል ይችላል፤ ለእርጅና ግን አይከፍልም።

ከማዕበል በኋላ በር አንኳኩቶ «አሁኑኑ ፈርሙ» ለሚል አትቸኩሉ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የሥራ ፈቃዱን ጠይቁ። በሜሪላንድ ሕግ ቀብዱ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ከሁለት ሦስት ባለሙያ ዋጋ ሳትጠይቁ አትወስኑ፤ ሽማግሌዎቻችንም መሰላል አይውጡ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና፣ በረዶው ሳይመጣ ጣራችንን እናስመርምር።