ልጅን ነርስ ለማስተማር ከመፈረም በፊት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ልጆች ትምህርት እንድንናገር ሲጠይቀን፣ እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምን እናወራለን ብለን ነበር። «እርስዎ መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው የለም እንዴ፣ ሒሳቡን ይንገሩን» አሉን። እንግዲህ የምንናገረው ሒሳብ ነው። መነሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ አባላችን ልጃቸውን በግል ኮሌጅ በነርሲንግ ዲግሪ ለማስተማር ዕድሩ ገንዘብ እንዲያበድራቸው፣ ያ ካልሆነም አባላት ዋስ እንዲሆኗቸው ማመልከቻ አስገብተዋል።

ነርስነትን የሚንቅ በመካከላችን የለም። ልዕልት ፀሐይ እንኳ ለንደን ሳሉ ነርስነት ተምረው አስታመዋል፤ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው አረፉ እንጂ። ታዲያ የሙያው ክብር ሌላ፣ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ሌላ።

አስቀድመን የራሳችንን ጉድ እንናገር። በ2005 ዓ.ም. ልጃችን ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነጥብ ጎደላት። እኛም ከባለቤታችን ጋር መክረን፣ ዕቁብ ቀድሞ እንዲወጣልን ለምነን፣ አንድ የግል ኮሌጅ አስገባናት። ዓመት ከመንፈቅ ከተማረች በኋላ ነገሩ ተጋለጠ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግን ለሌላ ትምህርት ነው፣ ለነርሲንግ ዲግሪው የለውም። ትምህርቱ ቀረ፣ ዕቁቡ ግን አልቀረም፤ እስከ መጨረሻው ዕጣ ከፈልን። ልጅቱ «አባባ፣ እኔ ነኝ ያከሰርኳችሁ» ስትለን አንጀታችን ተላወሰ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አይተን አላነበብነውም። ሠላሳ ዓመት የሰው ፋይል ስናገላብጥ ኖረን!

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፈቃድ አለው ወይ?» አይደለም። «ለዚህ ትምህርት፣ ለዚህ ደረጃ፣ ለዚህ ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ወይ?» ነው። ዛሬ ይህን የሚመልሰው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። የኮሌጁ ሰው በቃል የሚነግረን አይበቃም።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። ዕዳ ሁለት ዓይነት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ይፈርማል። ደንቡ ሲወጣ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው እንዲሸከም ነው የተደረገው። አከፋፈሉ ግን ልጁ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። ለምሳሌ 8,000 ብር ደመወዝተኛ ቢሆን በወር 800 ብር ይቆረጣል፤ ዕዳው 48,000 ብር ቢሆን በ60 ወር፣ ማለት በአምስት ዓመት ያልቃል። (ቁጥሩን ለስሌት ያህል ያመጣነው ነው፤ እውነተኛውን ከልጁ ውልና ከቅጥር ማስታወቂያ ማየት ነው።) ደመወዝ ከሌለ ከምኑ ይቆረጣል?

የግል ኮሌጁ ዕዳ እንዲህ አይጠብቅም። በወር 4,000 ብር ቢባል፣ በዓመት አሥር ወር፣ አራት ዓመት፤ 160,000 ብር ነው። ትራንስፖርቱ፣ ነጭ ልብሱ፣ የልምምዱ ወጪ አልተቆጠረም። ይህን ከዘመድና ከዕቁብ የተበደረ ቤተሰብ ልጁ ሥራ ያግኝ አያግኝ ይከፍላል። ልጅቱ ተቀጥራ በወር 2,000 ብር ለዕዳ ብትሰጥ እንኳ 80 ወር ነው፤ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር። በዚያው 8,000 ብር ላይ 2,000 ማለት አራተኛው እጅ ነው። ግብርና ጡረታ ሲነሳለት፣ ኪራይ ሲከፈልበት፣ የቀረው ለምሳ ይበቃል ወይ?

አንዲት እትዬ ባለፈው ለቅሶ ቤት «ነርስ ሥራ አያጣም፣ በሽተኛ መቼ ጠፍቶ!» አሉን። በሽተኛውስ አልጠፋም፤ በጀቱ ነው የሚጠፋው። ሐኪም ቤት ሰው እየጎደለው የተመረቀ ልጅ ቤት ሲቀመጥ እያየን ነው። የተቀጠሩትም ቢሆን በግንቦት 2017 ዓ.ም. በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ለሙያ ፈቃድ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ። ስለዚህ ኮሌጁን «ካስፈተናችኋቸው ስንቱ አለፉ?» ብሎ መጠየቅ ከምርቃቱ ፎቶግራፍ ይሻላል።

«ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ትሄዳለች» የሚሉም አሉ። ትሂድ፣ እግዜር ይቅናት። ያም የራሱ ፈተናና ወጪ አለው፤ ያልመጣ ገንዘብ ግን በገቢ መዝገብ አይጻፍም።

የእኛ ልጅ በመጨረሻ በመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ 4 ተማረች፤ ተቀጠረች፤ ዲግሪዋንም እየሠራች በገዛ ደመወዟ ጨረሰች። ጊዜ ወሰደባት። እኩዮቿ ቀደሟት፣ አልዋሽም፤ አንዳንድ ማታ ደክሟት ሳትበላ ትተኛ ነበር። ዕዳ ግን የለባትም።

ስለ ማመልከቻው ያለን ሐሳብ ይህ ነው። ከዕድሩ ሣጥን ብድር መስጠቱን እንቃወማለን። ያ ገንዘብ የድንኳንና የቀብር ነው፤ ሁለት ለቅሶ በአንድ ሳምንት ቢገጥመን ኮሌጁን መልስልን አንልም። ዋስትናው ግን የየሰው ፈቃድ ነው። አባላችን የኮሌጁን የነርሲንግ ፈቃድ ማረጋገጫ፣ የአራቱን ዓመት ክፍያ በጽሑፍ፣ ያለፉትን ተፈታኞች ቁጥር ካመጡልን፣ እኛ ከዋሶቹ አንዱ ሆነን እንፈርማለን።

አቶ ሰብሳቢ፣ ልጅቱ ራሷ ዛሬ ውጭ ሻይ እያቀረበች ናት። የምንነጋገረው ስለ እሷ ስለ ሆነ፣ ገብታ ከእናቷ ጎን እንድትቀመጥ ይፈቀድልን።