የማኑሾች ጊታር፤ ፍጥነትና ጥራት ከየት ይመጣሉ?

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሙዚቃ ክበባችን ዛሬ እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ የጂፕሲ ጃዝ ጊታር አመታት ነው። በተለይም ፈጣንና ጥርት ያለ ድምፅ በምን ዘዴ እንደሚገኝ እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። በዚህ ነገር በክበባችን ውስጥ ሁለት ወገኖች እንዳሉ ታውቃላችሁ። አንደኛው ወገን፣ «ፍጥነት ሰው ይዞት የሚወለደው ስጦታ ነው፤ ያልተሰጠው ቢደክምም አያገኘውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ጣትን በግድ ማሯሯጥ ነው፤ የሮጠ ይደርሳል» ይላል። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ነገሩም የክርክር ጨዋታ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን የሚያምን ተማሪ በሦስተኛው ወር ጊታሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሁለተኛውን የሚያምን ደግሞ የእጁን ጅማት ያሳምማል። ሁለቱም የሚጎዱት ዘዴ መኖሩን ባለማወቅ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «ጂፕሲ» የሚለው ስም ሌሎች ሰዎች ያወጡት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከግብጽ የመጡ ስለመሰላቸው እንዲህ ብለው ጠሯቸው። ቋንቋቸው ግን ሲመረመር ምንጩ ሕንድ ሆኖ ተገኝቷል። ሕዝቡ በጠቅላላው ሮማ ይባላል፤ በፈረንሳይና በቤልጅግ አካባቢ የሚኖሩት ወገኖች ደግሞ ራሳቸውን ማኑሽ ይላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ከዚህ ሕዝብ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ፈጅተዋል። ዛሬ የምንነጋገርበት ጥበብ በጽሑፍ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ በጆሮና በዓይን የተላለፈ ስለሆነ፣ ከዚያ እልቂት ተርፎ እኛ ዘንድ መድረሱን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አይገባም።

የዚህ ሙዚቃ አባት ጃንጎ ራይንሃርት ነው። በ1910 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) ቤልጅግ ውስጥ ሊበርሺ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና በልጅነቱ በፓሪስ የዳንስ ቤቶች ከአኮርዲዮን ተጫዋቾች ጋር ባንጆ ይመታ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የሚኖርበት ጋሪ ቤት በእሳት ተያያዘ፤ ግራ እጁም ክፉኛ ተቃጠለ። በሕክምና ላይ ብዙ ወራት ቆይቶ ሲነሣ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ተኮማትረው ቀሩ። ቃጠሎው በደረሰበት ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ ብቻ ዜማውን መምታት ተማረ፤ የተጎዱትን ጣቶች ኮርድ ለመያዝ ጥቂት ይረዳባቸው ነበር። በ1934 ዓ.ም. ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር የፈረንሳይ ሆት ክለብ ኩዊንቴት የተባለውን ጓድ አቋቋመ። በዚህ ጓድ ውስጥ ከበሮ የለም፤ አንድ ቫዮሊን፣ ሦስት ጊታርና አንድ ባስ ብቻ ናቸው። ጃንጎ በ1953 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ወገን፣ «ይኸው፣ በሁለት ጣት እንዲህ የሮጠ ሰው ተአምር እንጂ ዘዴ አይደለም» ሳይለኝ አይቀርም። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ አየዋለሁ። ሁለት ጣት ብቻ የቀረው ሰው በግራ እጁ ፈጣን ሊሆን ከቻለ፣ ፍጥነቱ በጣት ብዛት የሚመጣ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ምሥጢሩን በቀኝ እጅ እንፈልገው።

የቀኝ እጅ ዘዴ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የዳንስ ቤቱን ማሰብ ይበቃል። በዚያ ዘመን ጊታር የኤሌክትሪክ ማጉያ አልነበረውም። አኮርዲዮን ይጮሃል፤ ሰው ይጨፍራል፤ ብርጭቆ ይንኳኳል። ክሩን በስሱ የሚነካ ሰው ድምፁ ከመቀመጫው አያልፍም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የተፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ጉልህ ድምፅ ነበር። መሣሪያውም ይህንኑ ይረዳ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ማርዮ ማካፌሪ የተባለ ጣሊያናዊ ለፓሪሱ ለሴልመር ኩባንያ የነደፈው ጊታር ድምፁ ደረቅ፣ ስለታምና ሩቅ ደራሽ ነው። ጉልህ ድምፅ ለማውጣት የተፈጠረው አመታት ግን እግረ መንገዱን ፍጥነትን ወለደ። እንዴት እንደሆነ በአራት ነጥብ ላስረዳ።

አንደኛ፤ ስለ እጅ አቀማመጥ። ብዙዎቻችን ክንዳችንን ጊታሩ ላይ ጥለን መዳፋችንን ድልድዩ ላይ እናስደግፋለን። ማኑሾች እንዲህ አያደርጉም። አንጓቸውን ወደ ውጭ ጎበጥ አድርገው እጃቸውን ከክሩ በላይ ያንጠለጥሉታል፤ የታጠፉት ጣቶች ጀርባ ጣውላውን ቢነካ እንኳ ለመደገፍ አይደለም። እንቅስቃሴው ከአንጓ ነው፤ ከክርን አይደለም። እጁን ታጥቦ ፎጣ ያጣ ሰው ውሃውን እንዴት እንደሚያራግፍ አስቡ። ያ ልቅ የሆነ ውርወራ ነው የሚፈለገው። ክርን ደርቆ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ተጫዋቹ በጉልበት እየተጋ ነውና ብዙ አይዘልቅም።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁልቁል ምት። ጊታሩን ስንይዝ ወፍራሙ ክር ወደ ፊታችን፣ ቀጭኑ ወደ ጉልበታችን ነው። ቁልቁል ስንመታ ፒኩ ክሩን አልፎ አየር ላይ አይቀርም፤ የሚቀጥለው ክር ላይ ሄዶ ያርፋል። ፒኩን የሚያቆመው ያ ክር እንጂ የእጃችን ጡንቻ አይደለም። በዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል። የእጁ ክብደት በሙሉ ክሩ ላይ ስለሚወድቅ ድምፁ ይወፍራል፤ ጡንቻውም ለማቆም ስለማይታገል ያርፋል። ሽቅብ የሚመለሰው ምት ግን የትም አያርፍም፤ ቀለል ብሎ ወደ ውጭ ያመልጣል።

ሦስተኛ፤ ስለ ክር መለወጥ። ሕጉ አጭር ነው፤ አዲስ ክር በነካህ ቁጥር ቁልቁል ጀምር። ያለፈው ምት ቁልቁል ቢሆንም እንኳ እንደገና ቁልቁል ነው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ስንሄድ ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ፒኩ አስቀድሞ የሚቀጥለው ክር ላይ ዐርፏልና መግፋት ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው አርፔጅዮ በዚህ ዘዴ እንደ ውሃ የሚፈሰው። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ስንመለስ ግን ጣጣ አለ። የመጨረሻው ምት ቁልቁል ከሆነ ፒኩ በማይፈለገው ወገን ዐርፎ ይገኛል፤ ክሩን ዘሎ መመለስ ይኖርበታል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ሲመለሱ በአንድ ክር ላይ የሚመቱትን ድምፅ ሙሉ ቁጥር፣ ማለት ሁለት ወይም አራት፣ እንዲሆን የግራ እጃቸውን መንገድ ያሰናዳሉ። ያን ጊዜ የመጨረሻው ምት ሽቅብ ይሆናል፤ ፒኩም ከክሮቹ ወጥቶ ነፃ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «እጄ እዚህ ላይ ይሰናከላል» የምንለው ቦታ ሲመረመር እንዲህ ያለ የመንገድ ስሕተት ነው እንጂ የተፈጥሮ ድካም አይደለም።

አራተኛ፤ ስለ ግራ እጅ። የጃንጎን ስንነሣ፣ ጣቶቹ ጥቂት ስለነበሩ አንገቱን በስፋት ከመሸፈን ይልቅ በርዝመቱ ይጓዝ ነበር። እኛ አራት ጣት ያለን ሰዎች ሁለቱን አስረን እንድንጫወት አልመክርም። ነገር ግን በርዝመት መጓዝን መማር ጠቃሚ ነው። ድምፅ የሚቆሽሸው በአብዛኛው ጣትና ፒክ በአንድ ቅጽበት ስለማይገናኙ ነው። ጣት ከቀደመ ወይም ከዘገየ ድምፁ ይታነቃል፤ ጆሮም «ፈጣን ነው፤ ግን ጭቃ ነው» ይላል።

አሁን ወደ ልምምዱ ልምጣ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አቁሙና በአንድ ምት አራት ድምፅ ምቱ። ይህ በሴኮንድ አራት ድምፅ ነው። 120 ላይ በሴኮንድ ስምንት ይሆናል። ሜትሮኖሙ 240 ላይ ሲሮጥ በአንድ ምት ሁለት ሁለት ድምፅ መምታትም ያው ስምንት ነው። እንግዲህ ከ60 ተነሥቶ እስከዚያ የሚያደርሰው ትዕግሥት ነው። አንዱን ሐረግ አምስት ጊዜ በተከታታይ ያለ እንከን ካልመታችሁ ቁጥሩን አትጨምሩ፤ ስትጨምሩም በአራት በአራት ይሁን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተለመደ ስሕተት በኋላ ለመንቀል ከመጀመሪያው ልምምድ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ዝግታ ብቻም አይበቃም። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አራት ወይም አምስት ድምፅ ብቻ ይዛችሁ በሙሉ ፍጥነት ወርውሩና ዕረፉ። እጅ ፈጣን መሆን ምን እንደሚመስል ካልቀመሰ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። አንጓችሁ ወይም ክንዳችሁ ቢያማችሁ ግን ወዲያው አቁሙ፤ ሕመም የትጋት ምስክር አይደለም።

ለመጀመሪያ ጥናት በ1937 ዓ.ም. የተቀረጸውን «ማይነር ስዊንግ» እመርጣለሁ። ኮርዶቹ ጥቂት ናቸው፤ መክፈቻውም በአርፔጅዮ የተሠራ ስለሆነ የተናገርኩትን ሕግ ሁሉ ይፈትናል። ድሮ ሸክላውን በግማሽ ፍጥነት ያዞረ ሰው ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይሰማው ነበር፤ ዛሬ በስልካችን ያለው መሣሪያ ከፍታውን ሳይለውጥ ያዘገይልናል። የራሳችንንም ምት ቀርጸን እንስማ። ጣታችን ይሸነግለናል፤ ቅጂው ግን አይሸነግልም።

ጊታር የለንም ብላችሁ የምታዝኑ፣ የብረት ክር ያለው ማንኛውም ጊታር ለመጀመር ይበቃል። ውድ መሣሪያ ከመፈለግ ይልቅ ወፈር ያለ፣ የማይተጣጠፍ ፒክ ፈልጉ። ስስ ፒክ ክሩ ላይ ሲደርስ ይለመጣል፤ ሲመለስም ጊዜ ያባክናል።

ከእናንተ መካከል አንዱ፣ «ቁልቁልና ሽቅብ በተራ መምታት ይቀል የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ የተጫወቱ ታላላቅ ሰዎች ሞልተዋል። እያንዳንዱ ዘዴ የሚሰጠውም የሚያስከፍለውም አለው። የማኑሾቹ መንገድ ጉልህ ድምፅና ፈሳሽ አርፔጅዮ ይሰጣል፤ በምላሹ የግራ እጅን መንገድ አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል። መጥፎው ነገር አንዱን መምረጥ ሳይሆን ሁለቱን ሳያውቁ ማደባለቅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለክበባችን ላቅርብ። በማኑሾች ዘንድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዜማ አይደለም፤ ላ ፖምፕ በሚባለው አጃቢ ምት ነው። በከበሮ ፈንታ ቤቱን የሚያቆመው እርሱ ነው፤ ከአራቱ ምቶች ሁለተኛውና አራተኛው አጠር ተደርገው ይቆረጣሉ። አጃቢው ሲቸኩል ዜማ መቺው ምንም ቢራቀቅ ይወድቃል። በክበባችን ግን ሁላችንም ዜማ መቺ መሆን እንፈልጋለን፤ አጃቢ የሚሆን ይጠፋል። ስለዚህ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ አንዱ ለሃያ ደቂቃ ሲያጅብ ሌላው በዝግታ ዜማውን ይምታ፤ ከዚያ ቦታ እንለዋወጥ። እንዲህ ካደረግን በዓመቱ መጨረሻ ፍጥነት ስጦታ ነው ወይስ ጉልበት የሚለውን ክርክር በንግግር ሳይሆን በምት እንፈታዋለን።